ስም ካልተሞላ አይመዘገብም

ዓለምጸሐይ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት አይሆንላትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ በሜልቦርኑ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ሲጨዋወቱ አንዷ «አንቺ አሁን የት ነው የምትሠሪው?» ስትላት፣ «ሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ» ብላ ታልፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ አምልጧት እውነቱን ተናገረች፤ የቲቤት ቋንቋ መዝገበ ቃላት በኮምፒውተር እየተዘጋጀ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ቃል የሚቀመጥበትን ቦታ የምታሰናዳውም እሷ እንደሆነች። እትዬ አበባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«የኛዎቹ ልጆች አማርኛው ጠፍቷቸው አንቺ የሰው አገር ቃል ትሰበስቢያለሽ?»

«እነሱም እኮ እየጠፋባቸው ነው፣ እትዬ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ እትዬ አበባ፣ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ። «ጠፍቶ የተገናኘ ይበዛል እዚህ አገር።»

ዓለምጸሐይ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል የመጣች ናት። ስትወጣ ታላቅ ወንድሟ ታዴዎስ አብሯት ነበር። ካርቱም ሲደርሱ ሁለቱም ወባ ያዛቸው፤ እሷ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ እሱ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ሞተ፤ ጎረቤቶች፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቁ ሰዎች፣ ወስደው ቀበሩት። ድና ስትወጣ መቃብሩን የሚያሳያት አልተገኘም። ሜልቦርን ከገባች በኋላ ስሙን ለጸሎት ልታስጽፍ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በዚያ የሙታንን ስም የሚመዘግቡት፣ ድሮ የትራም ሾፌር የነበሩት ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ሲሏት አላወቀችውም። ታላቅዋ ነው፤ ክርስትና ሲነሣ እሷ አልተወለደችም። እናታቸው ሞታለች። የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ጋሽ ኃይለመስቀል «ታዴዎስ» ብለው ጻፉና «ግድ የለም፣ እሱ ያውቀዋል» አሏት። እሷን ግን ግድ ሳይላት ቀርቶ አያውቅም። ቄሱ ስም ሲጠሩ በሌላ ስም የተጠራ ወንድሟ ከሌሎቹ ሙታን ኋላ ቆሞ፣ «እኔን ነው? እኔን አይደለም?» እያለ የሚጠራጠር ይመስላታል።

ብዙ ዓመት የመሃል ከተማ ቢሮዎችን አጸዳች። በዚያው ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች፤ ልጇን ዜማንም ብቻዋን አሳደገች። የመዝገበ ቃላቱን ሥራ ስታገኝ ዜማ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ «ማሚ፣ አንቺ እኮ ቲቤትኛ አትችይም» አለቻት፣ በእንግሊዝኛ። ልክ ነበረች። ግን ቋንቋውን የሚያውቁት ሥራውን የምትመራው ፕሮፌሰርና ተናጋሪዎቹ ነበሩ፤ ከዓለምጸሐይ የሚጠበቀው ማኖሪያውን ማበጀት ነው። አንድ ቃል ሲመጣ በየፈርጁ የሚሞላባቸው ክፍት ቦታዎች አሉ፤ በሥራው ሰዎች አነጋገር ፊልድ ይባላሉ። ለቃሉ አንድ፣ ለፍቺው አንድ፣ ለምሳሌው፣ ለድምፁ፣ ቃሉ ለተሰማበት መንደር። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ባዶ ቢሆን ይፈቀድ፣ የትኛው ባዶ ቢሆን ማሽኑ እምቢ ይበል፣ ይህን ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት። የቲቤት ቃል የሚደረደረው ዓይን መጀመሪያ በሚያየው ፊደል አይደለም፤ ከፊቱ፣ ከላዩና ከሥሩ ሌሎች ፊደላት ከበውት መሃል በሚቀመጠው ሥር ፊደል ነው። ስለዚህ ለሥር ፊደሉ ማንም የማያየው የተደበቀ ፊልድ ሠራችለት። በዚያ ቀን ደስ ብሏት በባቡር ወደ ሰፈሯ ወደ ዌስት ፉትስክሬይ ስትመለስ ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አጣች።

ብዙም ሳትቆይ ግን አገኘች። የቃሉ ባለቤቶች ሁለት አዛውንት ነበሩ፤ ጃምያንግና ሚስታቸው ድሮልማ። አምዶ ከሚባለው ከቲቤት የሣር አገር የመጡ፣ ከብት አርቢ ሆነው ያደጉ ሰዎች ናቸው። አነጋገራቸው የአንድ ሸለቆ ሰዎች ብቻ የሚናገሩት በመሆኑ በሜልቦርን ያሉት ሌሎች ቲቤታውያን እንኳ ግማሹን አይሰሙላቸውም። ቤታቸው ከዓለምጸሐይ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስቱ አብረው በባቡር ይሄዳሉ፤ አብረው ይመለሳሉ። ድሮልማን «አቼ» ብላ መጥራት ጀመረች፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እኅት ማለት ነው፣ እንደ እኛ እትዬ። እንግሊዝኛቸው የሦስቱም የተሰባበረ ስለነበር ማንም በማንም አያፍርም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጃምያንግ ቃሉን ይናገራሉ፤ ድሮልማ ይሰሙና ልክ ነው ወይም አይደለም ይላሉ። ሁለተኛ ሰው ያልመሰከረለት ቃል በመዝገቡ ላይ «ያልተረጋገጠ» የሚል ምልክት ይዞ ይቀራል። የዚያን ሸለቆ አነጋገር አውቀው በከተማው ያሉት ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ውሸቱን ነው» ይላሉ ድሮልማ፣ ለፕሮፌሰሯ። «ይህን ቃል የሚሉት አባቱ ብቻ ናቸው። እሱ ከየት አመጣው?»

«ከአባቴ ነዋ። ከማን ልስረቅ ኖሯል?»

«ጻፊው» ይላሉ ድሮልማ፣ እንደ መሸነፍ ብለው። «ግን የሌባ ቃል ነው ብለሽ ጻፊ።»

ጃምያንግ ከፔርሙዛቸው ጨው ያለበት የቅቤ ሻይ እየቀዱ ኮምፒውተሯን በትዝብት ያያሉ። «ይህች ላም ስንት ቃል ዋጠች? አታመነዥክም እንዴ?» ይሏታል።

«ታመነዥካለች፣ እኛ ከሄድን በኋላ» ትላለች ዓለምጸሐይ።

«እንግዲያው ወተቱ የነገ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ባወጣችው ደንብ የቀኑ የድምፅ ቅጂ የሚጀምረው ተናጋሪው ስሙንና መንደሩን በመናገር ነው። ጃምያንግ ይህን ሲያደርጉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በንጉሥ ፊት እንደቀረበ ባላባት ነበር የሚናገሩት። ድሮልማ በየጊዜው ይስቁባቸዋል። የተናጋሪው ስም የሚገባበትን ፊልድ ፕሮፌሰሯ አዝዛለች፤ ያለ ስም እንዳይመዘገብ ያደረገችው ግን ዓለምጸሐይ ናት። ማንም አላዘዛትም። ስም ባዶ ሆኖ «መዝግብ» የሚለውን የሚነካ ሰው ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ ይመልሰዋል፤ ስም ካልተሞላ አይመዘገብም። ፕሮፌሰሯ «ይህን ያህል ማጥበቅ ያስፈልጋል?» ስትላት፣ «ያስፈልጋል» አለች፣ ከልማዷ ውጭ ፈጠን ብላ። ቃል ሰጥቶ ስሙ የሚቀር ሰው እንዲኖር አልፈለገችም።

በሐምሌ ብርድ ጃምያንግን ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሳንባቸውን ያዘ፤ ሆስፒታል ገቡ፤ አልወጡም።

ዓለምጸሐይ ወሬውን ስትሰማ ጥቁሯን ለበሰች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ዝናብ ነበር። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ድምፅ ግን የለም። ትንንሽ የቅቤ መብራቶች ይበራሉ፤ አንድ መነኩሴ ጥግ ላይ ተቀምጠው በዝቅታ ያነባሉ። መደርደሪያው ላይ የነበረው የጃምያንግ ፎቶግራፍ ወርዷል። ማየት ከብዷቸው ይሆናል አለች በልቧ። የሚያለቅስ ሰው አጥታ ዙሪያዋን አየች፤ ልቧ በዚህ ይብሱን ተነካ። እንዴት ሰው ሳይለቀስለት ይቀራል? ከድሮልማ እግር ሥር ቁጭ አለችና በአገሯ ወግ አወረደችው።

«ጃምያንግ፣ አባቴ፣ ጃምያንግ፣ ጨዋታዎን ለማን ትተው ሄዱ፣ ጃምያንግ...»

አማርኛውን የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም። ስሙን ግን ሁሉም ያውቁታል። ወንዶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ፤ ከዚያም ሴቶቹ። ዓለምጸሐይ የልቧን እንድታለቅስ ቦታ የለቀቁላት መስሏት የበለጠ አለቀሰች። ድሮልማ እጃቸውን በትከሻዋ ላይ አድርገው፣ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ፣ «ይበቃል፣ አለም። ሻይ ጠጪ» አሏት። አጠራራቸው እንዲያ ነበር፤ አለም።

የሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ኃይለመስቀልን ከመዝገባቸው ጋር አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ስም ላስጽፍ ነበር።»

«ማን ሞተብሽ ደግሞ?»

«ጎረቤቴ ናቸው። አብረን እንሠራ ነበር።»

«ነፍስ ይማር። ስመ ክርስትናቸው?»

«ክርስቲያን አይደሉም። የቲቤት ሰው ናቸው፤ የቡድሃ ሃይማኖት።»

ጋሽ ኃይለመስቀል እስክሪብቶውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚ ልጄ፣ ይህን ስም ጽፌ ለቄሱ ብሰጣቸው እኔን ራሴን ከዚህ ያስነሡኛል። ያልተጠመቀ ስም መቅደስ ውስጥ አይጠራም።»

«ታዲያ ማን ይጥራቸው?»

«የራሳቸው ሰዎች አሉ አይደል እንዴ? እነሱም ሥርዓት አያጡም።»

«ሄጄ ነበር። ሲጠሩ አልሰማሁም።»

«አንቺ ያልሰማሽው ሁሉ የለም ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ መነጽራቸውን እየመለሱ። ቀጣዩ ሰው ስም ሊያስጽፍ ከኋላዋ ቆሟልና ፈቀቅ አለች።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ትል ነበር እናቷ። ዓለምጸሐይ ሰኞ ሥራ ስትገባ ይህን እያሰበች ነበር። ቄሱ ካልጠሯቸው፣ ቤተሰቦቻቸው ካልጠሯቸው፣ የሚጠራቸው ሌላ ነገር በእጇ አለ። ከቅጂዎቹ መጀመሪያ ጃምያንግ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስማቸውን የሚናገሩበትን ቁራጭ ፈልጋ አወጣች። ብዙ ነበሩ፤ ሁሉንም አዳምጣ ሳል የሌለበትን፣ ሳቅ ሳቅ የሚለውን መረጠች። የስሙን ፊልድ ከግርጌ አንሥታ ከቃሉ በላይ አደረገችው፤ በቲቤት ፊደል፣ በደማቁ። ከዚያም እሳቸው የሰጡት ቃል በተከፈተ ቁጥር ከሁሉ በፊት ያ ድምፅ ስሙን እንዲናገር አደረገች። ሥራው ቀናት ወሰደባት። ለፕሮፌሰሯ «ለድሮልማ ስጦታ ነው፤ መጀመሪያ እሳቸው ይዩት» አለቻት፤ ፕሮፌሰሯም ዓይኗ እንባ አቅርሮ «መልካም ነው» አለች።

ድሮልማ የኀዘኑ ሰባት ሳምንት እንዳለፈ ተመለሱ። ገና ያልመሰከሩላቸው ብዙ ቃላት ነበሩ፤ የገንዘብ ድጎማውም በዓመቱ መጨረሻ ያበቃል። በባቡር አብረው ሲሄዱ ዓለምጸሐይ እንደ ልጅ ልቧ ይመታ ነበር። ድሮልማ ከስተዋል፤ ጸጉራቸውን አሳጥረዋል። በመስኮቱ የማሪቢርኖንግ ወንዝ ጭቃ ለብሶ ሲያልፍ አይተው፣ «ዘንድሮ ውኃው ቆሽሿል» ከማለት በቀር አልተናገሩም።

ፕሮፌሰሯ ስብሰባ ላይ ነበረች። ዓለምጸሐይ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«አቼ፣ አንድ ነገር ሠርቻለሁ። ለእርስዎ ነው።»

አንድ ቃል ከፈተች። ጃምያንግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ስማቸውን ተናገሩ።

ድሮልማ አላለቀሱም። መዳፋቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ፤ ሰው እንደገባ ሁሉ በሩን ትኩር ብለው አዩ። ዓለምጸሐይ ደስታ የያዛቸው መሰላት።

«ሁሉም ላይ አለ» አለችና ሌላ ቃል ከፈተች። ስሙ እንደገና ተጠራ። ሦስተኛውን ስትከፍት ድሮልማ ተነሥተው ነበር። ካፖርታቸውን ሳያነሡ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጡ። ዓለምጸሐይ ተከትላ እስከ ሊፍቱ ስትሮጥ በሩ ተዘግቷል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጡም። ከዚያ በሚቀጥለውም። ስልክ አያነሡም። ዓለምጸሐይ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነገሩን ለዜማ አወራቻት፤ የሠራችውን፣ የደከመችበትን፣ ድሮልማ የሄዱበትን ሁኔታ።

ዜማ ከስልኳ ቀና ሳትል በእንግሊዝኛ «ቀድመሽ ጠይቀሻቸዋል?» አለቻት።

«ምኑን?»

«እንደሚፈልጉት።»

«ስጦታ እኮ ነው፣ ዜማ። ስጦታ ይጠየቃል?»

ዜማ ትከሻዋን ሰበቀች። ዓለምጸሐይ ሽንኩርቱን ድስቱ ውስጥ ሳትጨምር ተወችውና የድሮልማን ካፖርት በፌስታል አድርጋ ወጣች።

ድሮልማ በሩን ግማሽ ከፍተው ቆሙ። ግቢ አላሏት። ከዚያ በፊት ይህ ሆኖ አያውቅም። ካፖርቱን ተቀበሉና በክንዳቸው ላይ አጠፉት።

«አቼ፣ ምን በደልኩ? ይንገሩኝ።»

ድሮልማ ቃል ፈለጉ። እንግሊዝኛው ሲጠፋቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አሁንም ጨፈኑ።

«እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም አይጠራም» አሉ። «መንገድ ላይ ነው። ስሙን ሲሰማ ዞሮ ያያል። ዞሮ ካየ መሄድ ያቅተዋል። ልብሱን ሰጠን፣ ፎቶውን ከመደርደሪያው አወረድን። አላለቀስንም። ማልቀስ ስለማናውቅ ነው? አንቺ መጥተሽ ጠራሽው። አታውቅም፣ እንግዳ ናት አልኳቸው፤ ለሁሉም እኔ ተናገርኩልሽ። ከዚያ ደግሞ እሱን በራሱ አፍ አስጠራሽው።»

ዓለምጸሐይ የበሩን መቃን ያዘች።

«እኛ አገር የሚጠፋው ስሙ ያልተጠራ ነው» አለች።

«በናንተ አገር ይሁን። እሱ ግን የናንተ አገር ሰው አይደለም።» ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። «ሰባቱ ሳምንት አለፈ፤ አሁን ደርሷል ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር። አሁን አላውቅም። ሌሊት ነፋስ በሩን ሲመታው አላውቅም።»

«አጠፋዋለሁ። ከሁሉም ላይ አጠፋዋለሁ።»

«አጥፊው።»

«ካጠፋሁት ይመለሳሉ፣ አቼ? ማክሰኞ?»

«መጀመሪያ አጥፊው» አሉ ድሮልማ፣ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

ፕሮፌሰሯ ታሪኩን ስትሰማ ግንባሯን በእጇ ያዘች። «በዚህ አገር እየኖርኩ» አለች። «ቴሌቪዥኑ እንኳ የሞቱ አቦሪጂናሎችን፣ የአገሩን ነባር ሰዎች፣ ስምና ፎቶ ከማሳየቱ በፊት ያስጠነቅቃል። ማሰብ ነበረብኝ።» ድምፁ እንዲቆለፍ፣ በስሙም ፈንታ ቁጥር እንዲገባ ወዲያው ፈቀደች። ቃላቱ ይቆያሉ፤ ሰውየው በፊርማቸው የሰጧቸው ናቸውና። ለፕሮፌሰሯ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ዓለምጸሐይ ግን ማሽኑ ፊት ስትቀመጥ ገና መጀመሩ ነበር።

ስሙ ሲጠፋ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ልሁን ብለው ድሮልማ መጡ። ክፍሉ ውስጥ አልገቡም፤ ከኮሪደሩ ወንበር ላይ፣ ጀርባቸውን ለክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ሰጥተው ተቀመጡ። መቁጠሪያቸው በጣታቸው መሃል ይዞራል። ውጭ ያ ቀጭን፣ የማያባራ የሜልቦርን ዝናብ ይዘንባል።

መጀመሪያ ድምፁን አንሥታ ቆለፈችው። ያ ቀላል ነበር። ከዚያ ስሙን ልታነሣ ስትል ማሽኑ በቀዩ ጽሑፍ መለሳት። ስም ካልተሞላ አይመዘገብም። ራሷ የጻፈችው ነው። ስለዚህ ደንቡን ማንሣት ነበረባት፤ ስም የሌለው ሰው ቃል እንዲመዘገብ መፍቀድ። ቁጥሩን ልታስገባ አስባ ነበር፤ ስታየው ግን የእስረኛ ቁጥር መሰላት፤ ፕሮፌሰሯ በኋላ የምትፈልገው ከሆነ ራሷ ታስገባው ብላ ባዶውን ተወችው። ስሙን ከአንዱ ቃል ላይ አነሣች። ፈዘዝ ያለ ነጭ ቦታ ቀረ። የጎተራ ቃል፣ የበረዶ ቃል፣ የጥጃ ቃል፣ ለጠፋ በሬ የሚጮህ ጥሪ፤ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም በአንዴ ማጽዳት ትችል ነበር። አላደረገችውም። በስደቱ መንገድ በጅምላ የሚቀበር ሰው አይታለች። አንድ በአንድ እየከፈተች፣ በየቃሉ ላይ በልቧ ይቅር ይበሉኝ እያለች አጠፋች። ስሙን በልቧም እንዳትጠራ ትጠነቀቅ ነበር፤ ይህ ከሁሉ ከበዳት። ምሳ አልበላችም። ከኮሪደሩ ድሮልማም አልተነሡም።

ስትወጣ ብርሃኑ ደብዝዞ ነበር።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ አቼ።»

«ድምፁስ?»

«ተቆልፏል። የሚከፍተው የለም።»

ድሮልማ መቁጠሪያቸውን ስመው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያም የዓለምጸሐይን እጅ ይዘው እንደ ብርድ ልብስ በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑት። ታርቀናል ማለት ነበር፤ ዓለምጸሐይ ገባት። ለዚህም ነው የደፈረችው።

«ማክሰኞ ልምጣና አብረን እንሂድ? ገና ብዙ ቃል አለ። እርስዎ ካልመሰከሩ ሁሉም ያልተረጋገጠ ነው የሚባለው።»

ድሮልማ ራሳቸውን በእምቢታ ወዘወዙ። «ያን ቃል ሁሉ ያመጣው እሱ ነው» አሉ። «አንዱን ስሰማ ምላሴ ላይ የሚመጣው ስሙ ነው። ልክ ነው ልበል ብዬ አፌን ብከፍት ያመልጠኛል። ሃምሳ ዓመት ስጠራው የኖርኩት ስም እኮ ነው። አንቺ ለማጥፋት አንድ ቀን ፈጀብሽ። እኔ ገና ነኝ።»

«እንዲያውም ከዚህ ልሄድ ነው» አሉ ሊፍት ሲጠብቁ። የእኅታቸው ልጅ ከከተማው ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል በሚባል ሰፈር፣ አዲስ ቤት ገዝታለች፤ አንድ ክፍል ሰጥታቸዋለች። «ያ ቤት እሱ ገብቶበት አያውቅም። በሩን አያውቀውም። ለእሱም ለእኔም እዚያ ይሻላል።»

ዓለምጸሐይ ልትለምናቸው ፈለገች። የምትለምንበት አፍ ግን አልነበራትም። እስከ ባቡሩ አብረው ሄዱ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው መጡ። ድሮልማ በዚያው ሳምንት ቤቱን ለቀቁ።

መዝገበ ቃላቱ በዓመቱ መጨረሻ ተከፈተ። የዚያን ሸለቆ ቃላት የሚፈልግ ሰው ያገኛቸዋል፤ ፍቺያቸው አለ፣ ምሳሌያቸው አለ፣ ሥር ፊደላቸው በተደበቀው ቦታው አለ። ከግማሽ የሚበልጡት ላይ «ያልተረጋገጠ» የሚል ግራጫ ጽሑፍ አለ። የተናጋሪው ቦታ ባዶ ነው። የዓለምጸሐይ ኮንትራት አብሮ አለቀ፤ ወዲያው ሌላ ሥራ አገኘች፣ የአንድ መጋዘን ዕቃ ዝርዝር። እዚያ ሁሉም ነገር ቁጥር ነው፤ ቅር የሚለው የለም።

አንድ ቅዳሜ ከዜማ ጋር ፉትስክሬይ ገበያ ሲሄዱ አንድ ሽማግሌ ከፔርሙዛ ሻይ ሲቀዱ አየችና ሳታስበው ፈገግ አለች። «ላሚቷ ታመነዥካለች ወይ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር» አለች።

«ማን?» አለች ዜማ።

ዓለምጸሐይ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው የፔርሙዛቸውን ክዳን እያሽከረከሩ ዘጉ። መንገደኛው በግራ በቀኝ እየገፋቸው አለፈ።

«የማውቃቸው ሰው» አለች።

«የትኛው ሰው?»

«አንቺ አታውቂያቸውም» አለቻት፤ ዜማ ግን ታውቃቸው ነበር። አትክልቱን ለመግዛት ወደ ውስጥ ገቡ።